የአየር ሁኔታ ዳታ የሚቀበል ሰርቨር ወረፋ ምን ያህል መሆን አለበት? 4 ጊጋባይት ሰጥቼው 19 ደቂቃ ብቻ ይይዛል

አዲስ ተረካቢ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ከሥራ ባልደረባዬ የተረከብኩት አንድ ሰርቨር አለ፤ ሥራውም ኤልዲኤም በተባለው የዳታ መቀበያና ማስተላለፊያ ሶፍትዌር አማካይነት የአየር ሁኔታ ዳታን እንደወጣ መቀበል፣ የተቀበለውን ወረፋ በሚባለው ጊዜያዊ ማቆያ አስቀምጦ ፒኪውአክት በተባለው የኤልዲኤም ፕሮግራም እየለየ ወደ ፋይል መጻፍና ለሁለት ሌሎች ሰርቨሮች ማስተላለፍ ነው። የሚመጡለት ፊዶች (የዳታ ዓይነቶች) የጣቢያ ምልከታዎችንና ማስጠንቀቂያዎችን የያዙ የጽሑፍ መልእክቶች፣ የኔክስራድ (የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ራዳር መረብ) ራዳሮች ደረጃ 2 (ጥሬ) እና ደረጃ 3 (የተቀነባበረ) ዳታ፣ እንዲሁም ከትንበያ ሞዴሎች ውጤት የተወሰነው ክፍል ናቸው። ማሽኑ 16 ጊጋባይት ራም አለው።

ችግሩ የታወቀኝ በራዳር ምስሎቹ ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር እየሰፋ የሚሄድ ባዶ ሽብልቅ ይታያል፤ በግራና በቀኝ ያለው ዝናብ በደንብ ተስሎ ሳለ እዚያች ቦታ ላይ ግን በቢላ የተቆረጠ ይመስል ምንም ነገር የለም። መጀመሪያ ምስሉን የሚሥለውን ፕሮግራም ጠርጥሬ ሁለት ቀን ሙሉ አባከንኩ። በኋላ የፒኪውአክትን ሎግ ሳገላብጥ፣ በወረፋው ውስጥ የቀረውን እጅግ አሮጌ ጥቅል (ኤልዲኤም እንደ አንድ ክፍል የሚቀበለውን ዳታ) እየሠራ መሆኑንና ከዚያ በፊት የነበሩት ሳይነካቸው ጠፍተው ሊሆን እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ መስመር ደጋግሞ ተጽፎ አገኘሁ።

ወረፋው 500 ሜጋባይት ብቻ ስለነበረ ጠቦታል ብዬ ወደ 4 ጊጋባይት አሳደግኩትና እንደገና ፈጠርኩት። መጠኑ ስምንት እጥፍ ካደገ የሚይዘው ጊዜም በዚያው ልክ ያድጋል የሚል ግምት ነበረኝ፤ ሆኖም ቀድሞ 9 ደቂቃ ገደማ የነበረው ወደ 19 ደቂቃ ብቻ ከፍ አለ። ዛሬ የወረፋውን ሁኔታ የሚያሳየው ፒኪውሞን የሰጠኝ ንባብ የሚከተለው ነው፦

በወረፋው ያሉ ጥቅሎች፦ 121,902
ነጻ ክፍተቶች፦ 168
ያልተያዙ ስሎቶች፦ 0
የተያዘ ባይት፦ 1,097,118,000
የአሮጌው ጥቅል ዕድሜ፦ 1,140 ሴኮንድ

ከ4 ጊጋባይቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ ባዶ ሆኖ ሳለ አሮጌ ጥቅሎች ለምን ይወጣሉ? ትክክለኛውን መጠን ለማስላት የምትከተሉት መንገድ ካለስ ብታካፍሉኝ? ከራሙስ ምን ያህሉን ለወረፋው ብሰጥ ማሽኑን አላስጨንቅም?

የቆየ ኦፕሬተር፦

ጤና ይስጥልኝ። ንባቡን ሳይቆራርጡ ስላስቀመጡልን አመሰግናለሁ፤ አብዛኛው ሰው «ወረፋዬ አነሰ» ብሎ ብቻ ስለሚጽፍ መልሱ በግምት ላይ ግምት ይሆናል።

መልሱ በሦስተኛው መስመር ላይ ነው። የኤልዲኤም ወረፋ አንድ ፋይል ሲሆን፣ ሲፈጠር ሁለት ነገሮች ይወሰኑለታል፤ አንደኛው ስንት ባይት እንደሚይዝ፣ ሁለተኛው ስንት ጥቅል መመዝገብ እንደሚችል ነው። እያንዳንዱ ጥቅል፣ ሁለት መቶ ባይት የሆነች የአውሮፕላን ማረፊያ ምልከታም ትሁን ብዙ ሜጋባይት የሆነ የሞዴል ውጤት፣ አንድ ስሎት (የመመዝገቢያ ቦታ) ይወስዳል፤ በጥቅሎች መካከል የሚፈጠሩት ነጻ ክፍተቶችም እንዲሁ ስሎት ይይዛሉ። ከሁለቱ አንዱ ባለቀ ጊዜ ወረፋው አዲሱን መጤ አይመልስም፤ ለእርሱ ቦታ ለማስለቀቅ አሮጌውን ያወጣል። የእርስዎ ወረፋ ባይት ተርፎት ስሎት አልቆበታል።

እስቲ 121,902ን ከ168 ጋር ይደምሩ፤ 122,070 ይሆናል። 500 ሚሊዮንን ለ4,096 ቢያካፍሉም ይኸው ቁጥር ይወጣል። ስለዚህ ሰርቨሩን ከእርስዎ በፊት የያዘው ሰው አማካይ ጥቅል 4 ኪሎባይት ያህል ነው ብሎ አስልቶ የስሎቱን ብዛት በኤልዲኤም መዝገብ (የቅንብሮቹ ማስቀመጫ) ውስጥ በእጁ ጽፎታል ብዬ እገምታለሁ። ለ500 ሜጋባይቱ ክፉ ግምት አልነበረም። እርስዎ የባይቱን መጠን ሲቀይሩ ግን የስሎቱ ቁጥር እዚያው እንደተቸነከረ ቀረ። መዝገቡን ከፍተው በወረፋው ክፍል ሥር ያለውን የስሎት ዋጋ ይመልከቱ።

አሁን ወደ ስሌቱ ልምጣ። በ1,140 ሴኮንድ ውስጥ 121,902 ጥቅል ገብቷል ማለት በሴኮንድ 107 ገደማ፣ በሰዓት ደግሞ 385,000 ገደማ ነው። የአንዱ ጥቅል አማካይ መጠን 9,000 ባይት፣ የሰዓቱ ጠቅላላ ፍሰትም 3.5 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ስለዚህ የስሎቱ ችግር ቢፈታ እንኳ 4 ጊጋባይት የሚይዝልዎት ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ዳታ ነው፤ ያውም በዚህች በለኩባት ሰዓት ፍጥነት። እኔ ብሆን ባይቱን ወደ 8 ጊጋባይት አሳድጋለሁ፤ ስሎቱን ግን በ9,000 ሳይሆን በ6,000 ባይት አማካይ አስልቼ ወደ 1.3 ሚሊዮን አደርገዋለሁ። ምክንያቱም የሞዴል ዳታ በማይመጣባቸው ሰዓቶች ወረፋውን የሚሞሉት ትንንሾቹ መልእክቶች ስለሆኑ አማካዩ ዝቅ ይላል። ስሎት ቢበዛ የሚያስከፍለው ቦታ ከጥቅሎቹ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ሲያንስ ግን የሚያስከፍለውን አሁን አይተውታል።

ራዳር አንባቢ፦

ከላይ የተሰጠው ምርመራ ትክክል ይመስለኛል። የምጨምረው «ያውም በዚህች በለኩባት ሰዓት ፍጥነት» በምትለዋ ሐረግ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና።

የወረፋ መጠን በአማካይ ቀን አይለካም። የራዳር ደረጃ 2 ዳታ ከራዳሩ የሚወጣው በቢዚፕ2 የማመቂያ ዘዴ ታምቆ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ አብዛኛው የቅኝት ቦታ ባዶ ስለሆነ በጣም ይታመቃል፣ ሰፊ ዝናብ ሲኖር ግን እያንዳንዱ ጨረር በዋጋ ስለሚሞላ ያው ጥቅል ብዙ እጥፍ ይወፍራል። በዚያ ላይ ራዳሩ ራሱ ይፈጥናል። በጸጥታ ጊዜ አንድን ሙሉ ቅኝት ለመጨረስ እስከ 10 ደቂቃ ሊወስድ የሚችለው መሣሪያ፣ ዝናብ ሲመጣ በ4 እና በ6 ደቂቃ መካከል ይጨርሳል። ጥቅሉ ወፍሮ ሳያበቃ ብዛቱም ይጨምራል ማለት ነው። ይህ ደግሞ የሚሆነው ዳታው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት፣ ማዕበሉ እየመጣ ሳለ ነው። እኔ በማስተዳድረው ሰርቨር ላይ በጸጥታና በማዕበል ቀን መካከል ያየሁት የራዳር ፍሰት ልዩነት ከእጥፍ በላይ ነበር፤ በእርስዎ ላይ ስንት እንደሚሆን የሚወስነው የሚቀበሏቸው ራዳሮች የት የት እንዳሉ ነው።

ሁለተኛው ማዕበል ከሰማይ ሳይሆን ከኮምፒውተር የሚመጣ ነው። ጂኤፍኤስን የመሰሉ ዓለም አቀፍ ሞዴሎች በዓለም አቀፉ ሰዓት አቆጣጠር በ0፣ በ6፣ በ12 እና በ18 ሰዓት መነሻነት በቀን አራት ጊዜ ይሠራሉ፤ ውጤታቸውም ከመነሻው ሰዓት ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ በጅምላ መውጣት ይጀምራል። በእነዚያ መስኮቶች ውስጥ ፍሰቱ ሽቅብ ይወጣና ከዚያ ይረግባል። ስለዚህ የጠያቂው ንባብ የተወሰደው በሁለት የሞዴል ጎርፎች መካከል ባለው የጸጥታ ሰዓት ከሆነ 3.5 ጊጋባይት የተባለው ከእውነቱ ያነሰ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፒኪውሞንን በየደቂቃው እያስኬዱ የአሮጌውን ጥቅል ዕድሜ ለጥቂት ሳምንታት ይመዝግቡ። የኤልዲኤም ማስተዳደሪያ የሆነው ኤልዲኤምአድሚንም መለኪያዎችን በክሮን (ሥራዎችን በየጊዜው በራሱ በሚያስነሳው ፕሮግራም) እየሰበሰበ በኋላ በግራፍ የሚያሳይ የራሱ ትእዛዝ አለው። ሊታይ የሚገባው የመስመሩ ዝቅተኛ ነጥብ እንጂ አማካዩ አይደለም። ያቺ ዝቅተኛ ነጥብ ከ3,600 ሴኮንድ በላይ ከሆነች መጠኑ ይበቃል።

የሽብልቁም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ደረጃ 2 ዳታ በኤልዲኤም የሚመጣው ሙሉ ቅኝቱ እንደ አንድ ፋይል ሆኖ ሳይሆን ራዳሩ እየዞረ ሳለ በቁራጭ በቁራጭ እየተላከ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ የአንድ ዙር የተወሰነ ማዕዘን ይሸፍናል። አንዷ ቁራጭ ከወረፋው ብትወጣ ምስሉ ላይ የሚታየው ልክ እርስዎ የገለጹት ነው።

አዲስ ተረካቢ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መዝገቡን ከፍቼ አየሁት፤ ስሎቱ በእርግጥም 122,070 ተብሎ በእጅ ተጽፏል፣ ለምን እንደተጻፈ የሚገልጽ ማስታወሻ ግን የለም።

አንድ ያልገባኝ ነገር ቀርቷል። ሁላችሁም አንድ ሰዓትን እንደ ወለል ትወስዳላችሁ። ፒኪውአክት ጥቅሉን ለማንሳት በደህና ቀን ከጥቂት ሴኮንድ በላይ አይፈጅበትም። ታዲያ አምስት ደቂቃ የሚይዝ ወረፋ ለምን አይበቃም? የአንድ ሰዓቱ ልማድ ከየት መጣ?

አስተላላፊ፦

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ከላይ ከተጻፉት ጋር በመሠረቱ ብስማማም አንድ ሰዓት ለሁሉም ሰው የተቀደሰ ቁጥር ነው ብዬ አላምንም። ከአንድ ምንጭ ብቻ የሚቀበል፣ ለማንም የማያስተላልፍና መቆራረጥ የማያሳስበው ሰርቨር ባነሰ ሊኖር ይችላል። እርስዎ ግን ለሁለት ሰርቨሮች ያስተላልፋሉ፤ ነገሩን የሚቀይረውም ይህ ነው።

አንድ ተቀባይ ሰርቨር መስመሩ ተቋርጦበት ተመልሶ ሲገናኝ፣ በመጨረሻ ካገኘው ጥቅል ጊዜ ጀምሮ ያለውን እንዲልኩለት ይጠይቃል፤ ሆኖም ወደኋላ የሚሄደው እስከተፈቀደው የመዘግየት ጣሪያ ድረስ ብቻ ነው፣ ይህም ካልተቀየረ 3,600 ሴኮንድ ነው። የአንድ ሰዓቱ ልማድ መነሻ ይኸው ነው። አሁን ከእርስዎ የሚቀበለው ሰርቨር ለ50 ደቂቃ ተቋርጦ ተመለሰ እንበል። እርሱ የ50 ደቂቃውን ዳታ የመጠየቅ መብት አለው፤ እርስዎ ዘንድ ያለው ግን የ19 ደቂቃ ብቻ ነው። የቀረው 31 ደቂቃ የትም አይገኝም፤ በእርሱ በኩል ያለው ሰውም የራሱን ሎግ ሲያገላብጥ ስህተት አያገኝም፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ተጠይቆ በሥርዓቱ ተመልሷል።

ሁለተኛው ምክንያት ድግግሞሽ ነው። ከሁለት ምንጮች አንድ ዓይነት ፊድ የሚጠይቁ ከሆነ፣ አብዛኞቻችንም ለጥንቃቄ ብለን እንዲያ እናደርጋለን፣ ኤልዲኤም ሁለተኛውን ቅጂ የሚለየው ከይዘቱ በሚሰላው የኤምዲ5 ፊርማው ነው። ፊርማው የሚመሳከረው ግን በወረፋው ውስጥ ካሉት ጥቅሎች ፊርማ ጋር ብቻ ነው፤ ጥቅሉ ሲወጣ ፊርማውም አብሮ ይወጣል። አንደኛው ምንጭ በ25 ደቂቃ ወደኋላ ቢቀርና የእርስዎ ወረፋ 19 ደቂቃ ቢይዝ፣ ከዚያ ምንጭ የሚመጣው እያንዳንዱ ጥቅል እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ ፒኪውአክትም ዳግመኛ ይሠራበታል፣ ለሁለቱ ተቀባዮችዎም ዳግመኛ ይላካል። ፍሰቱ በዚህ ምክንያት ሲጨምር የወረፋው ዕድሜ ይበልጥ ያጥራል፤ ዕድሜው ሲያጥር ደግሞ ሌላ ድግግሞሽ ያልፋል። ወደዚህ አዙሪት የገባ ሰርቨር አይቻለሁ፤ የመስመሩ ባለቤት ኩባንያ ተጠርቶ ሲመረመር የተገኘው ጥፋተኛ ወረፋው ነበር።

በራሙ ላይ ግን ትንሽ ልቃወም። 8 ጊጋባይት ከ16 ላይ የሚቻል ቢሆንም የሚመች አይደለም። ወረፋው ዲስክ ላይ የተቀመጠ ፋይል ቢሆንም ሁሉም ሂደቶች የሚሠሩበት ከሚሞሪ ጋር አያይዘው ነው፤ ስለዚህ ሙሉው በራም ውስጥ መቀመጥ ካልቻለ እያንዳንዱ ንባብ ዲስክ መንካት ይጀምራል፣ ያኔም ትልቁ ወረፋ ከትንሹ የባሰ ይሆናል። ቀሪው 8 ጊጋባይት ለፒኪውአክት፣ ዳታውን ፈትተው ለሚያነቡት ዲኮደሮችና ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መድረስ አለበት። ዲኮደሮችዎ ራም በላተኞች ከሆኑ፣ ወረፋውን ከማሳደግ በፊት ለምንጭዎ የሚያቀርቡትን የዳታ ጥያቄ ያጥብቡት፦ በጥያቄው መስመር ላይ ጥቅሎችን በስያሜያቸው የሚለየውን አገላለጽ አስተካክለው የማይፈልጓቸውን ራዳሮችና የማይከፍቷቸውን የሞዴል ክፍሎች ያስወጧቸው። ሁሉንም የሚል ጥያቄ የጻፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው የጥቂቱን ነው። ፋይሉን ደግሞ በምንም ምክንያት በኔትወርክ በተጋራ ዲስክ ላይ አያስቀምጡት፤ የራሱ የማሽኑ ዲስክ ላይ ይሁን።

የቆየ ኦፕሬተር፦

በራሙ ላይ የተሰጠውን ማስተካከያ እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን ሳይነሳ እንዳያልፍ፦ ጠያቂው ፒኪውአክት በደህና ቀን ጥቂት ሴኮንድ ብቻ እንደሚዘገይ ነግሮናል፤ በሎጉ ላይ ግን ወረፋው 9 ደቂቃ ይይዝ በነበረበት ጊዜ ፒኪውአክት ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ስለዚህ በማዕበል ሰዓት 9 ደቂቃ ሙሉ ወደኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ይህ የወረፋ ችግር አይደለም።

ወረፋ የሚችለው ጊዜያዊ ጎርፍን ማሳለፍ ነው። በሴኮንድ 200 ጥቅል እየገባ ፒኪውአክት 180 ብቻ የሚያነሳ ከሆነ፣ በየሴኮንዱ 20 ጥቅል ይከማቻል፣ በሰዓት 72,000 ይሆናል፤ ጎርፉ ከቀጠለ የትኛውም መጠን ያለው ወረፋ ውሎ አድሮ ያልቅበታል። ወረፋውን ማሳደግ የማስጠንቀቂያውን መስመር ከሎግ ያጠፋልዎታል እንጂ የራዳሩን ምስል ወቅታዊ አያደርገውም፤ ምስሉ ሽብልቅ አይኖረውም፣ ነገር ግን ግማሽ ሰዓት ያረጀ ይሆናል።

ስለዚህ ከወረፋው ጎን ለጎን ፒኪውአክትን ይክፈሉት። ለአንዱ ራዳር ብቻ፣ ለሌላው ጽሑፍ ብቻ፣ ለሦስተኛው ሞዴል ብቻ የሆነ የራሱ የውቅር ፋይል ሰጥተው ሦስት ሂደቶችን ከዋናው ውቅር ያስነሱ፤ እያንዳንዱም የሚመለከተውን ፊድ ብቻ እንዲጠይቅ ያድርጉ። ያን ጊዜ ከባድ የሞዴል ፋይል ዲስክ ላይ ሲጻፍ ከኋላው የቆመች የራዳር ቁራጭ አትጠብቅም። ለእያንዳንዱ ጥቅል አዲስ ፕሮግራም የሚያስነሳ መስመር ካለም ይፈልጉት፤ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ሲሆን የማይታወቅ ወጪ መቶ ጊዜ ሲሆን ማሽኑን ያንበረክካል።

አዲስ ተረካቢ፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ኤልዲኤምን አቁሜ፣ በመዝገቡ ውስጥ የወረፋውን መጠን 8 ጊጋባይት፣ ስሎቱን 1.3 ሚሊዮን አድርጌ፣ አሮጌውን ወረፋ ሰርዤ አዲስ ፈጠርኩና አስነሳሁት። ፒኪውአክትንም ለሦስት ከፈልኩት። ለእያንዳንዱ የራዳር ጥቅል አዲስ ስክሪፕት የምታስነሳ አንዲት መስመር ነበረች፤ ያለፈውን ዓመት ሙከራ ለማስታወስ የተተወች ትመስላለች፣ አስወግጃታለሁ።

በየደቂቃው የመዘገብኩት ዝቅተኛ ዕድሜ 4,310 ሴኮንድ ነው፤ እርሱም የታየው ሰፊ ማዕበልና የሞዴል ጎርፍ በአንድ ሰዓት ላይ በተገናኙበት ቀን ነው። በሌሎቹ ቀኖች ከሁለት ሰዓት ብዙም አይወርድም። ያልተያዙ ስሎቶች ከ400,000 በታች ወርደው አያውቁም። ሽብልቁ አልታየም፣ የፒኪውአክት መዘግየትም ከ20 ሴኮንድ አላለፈም። ራሙ ለጊዜው ይበቃል፤ ቢሆንም የማንከፍታቸውን የሞዴል ክፍሎች መቀነስ ጀምሬያለሁ።

ትናንት ግን ማሽኑ መብራት ጠፍቶበት ሲነሳ ኤልዲኤም አልጀምርም አለ፤ የወረፋው የጸሐፊ ቆጣሪ ዜሮ አይደለም፣ ወረፋው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል የሚል መልእክት ሰጠ። ፈርቼ ሰርዤ እንደገና ፈጠርኩት። ሌላ መንገድ ነበረ?

አስተላላፊ፦

ነበረ። ያ ቆጣሪ ወረፋውን ለመጻፍ የከፈቱ ሂደቶችን ይቆጥራል፤ መብራት ሲጠፋ ማንም ሳይዘጋው ስለሚቀር ቁጥሩ እንዳለ ይቀራል። በመጀመሪያ ወረፋውን የያዘ ሂደት አለመኖሩን ያረጋግጡ። ከዚያ የወረፋውን ጥቅሎች የሚያነብበውን ፒኪውካትን በመጠቀም ከመጀመሪያው ጥቅል እስከ መጨረሻው ድረስ፣ የእያንዳንዱን ፊርማ እንዲያረጋግጥ በሚያዝዘው አማራጭ፣ ያስነብቡት። ያለ ስህተት ከጨረሰ ወረፋው ደህና ነው፤ በፒኪውቼክ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መልሰው ማስነሳት ይችላሉ። መሃል ላይ ከቆመ ወይም ስህተት ካሳየ ግን እርስዎ እንዳደረጉት መሰረዝና መፍጠር ነው።

ቢሰርዙትም የሚያጡት ፒኪውአክት ገና ያልሠራባቸውንና ተቀባዮችዎ ገና ያልወሰዷቸውን ጥቅሎች ነው። ምንጮችዎ የአንድ ሰዓት ወረፋ ካላቸው ከእነርሱ የሚመለስልዎ ይኖራል፤ ብቻ የማሽኑ ሰዓት ከመብራቱ መጥፋት በኋላ በኤንቲፒ (በኔትወርክ የሰዓት ማስተካከያ) መስተካከሉን ሳያረጋግጡ ኤልዲኤምን አያስነሱ፣ ወደኋላ የሚጠይቀው ጊዜ የሚሰላው በእርሱ ነውና።